«ኮበለለች» ወይስ «ተጠለፈች»?
ከልብ ወለድ ዜና መጻፍ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል?

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ «ካነበብሽው ልብ ወለድ አንድ ድርጊት መርጠሽ የጋዜጣ ዜና አድርገሽ ጻፊ ተባልኩ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? ብዙዎቻችን «እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁ፤ አስተማሪሽን ጠይቂ» ብለን ወደ ወጣችን ዞር እንል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በሥራ ደክሞ የገባ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ የቤት ሥራ ከሚመስለው በላይ ቁም ነገር አለው። ልጆች የሰሙትን ከገመቱት፣ ያዩትን ከተመኙት ለይተው ማስቀመጥን ይማሩበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አንዲት ሴት ልጅ ሲወራ አንድ ቃል ብቻ ምን ያህል ሊጎዳት ወይም ምን ያህል ሊያድናት እንደሚችል ይረዱበታል። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ነገሩን አሰላ ከተማ ላይ ሆነን እንየው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ከተማዋን ሲያለብሳት ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከብቅል ፋብሪካው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከየቢሮውና ከገበያው የተመለሱ እናቶች ከሰል አቀጣጥለው ቡና ይጥዳሉ፤ የገብስ ቆሎ ይቀርባል፤ ልጆችም ደብተራቸውን ይዘው እዚያው ምድጃ ዳር ይቀመጣሉ። የምንነግራችሁ የቤት ሥራ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ሰዓት ነው። አሰላን የመረጥንበትን ምክንያት ግን ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከየትኛው መጽሐፍ?

ለዚህ ሥራ ከሚስማሙት መጻሕፍት አንዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን ራሳችሁ ባታነቡት እንኳ ብዙዎቻችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምታችኋል። ስለዚህ ልጃችሁ ስለ ሰብለ ወንጌል ስታነሣ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ለማስታወስ ያህል፣ በዛብህ ሕፃን ሳለ ሕመም ስለ በዛበት ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ቅኔ ተምሮ ከፍ ካለ በኋላ በዲማ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ቤቷ ድረስ እየሄደ እንዲያስተምር ይደረጋል። ፊታውራሪ ግን ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቋቸውን ሰዎች ዘር እየቆጠሩ የሚመልሱ ኩሩ ባላባት ናቸው። መምህሩና ተማሪዋ ይዋደዳሉ። በዛብህ ከዲማ ለመሸሽ ይገደዳል። ከጊዜ በኋላ ሰብለ ወንጌልም ልብሷን ለውጣ ከአባቷ ቤት ወጥታ ፍለጋውን ትያያዘዋለች።

እንግዲህ ልጃችሁ ይህችን ቀን መረጠች እንበል። ሰብለ ወንጌል ከቤት የጠፋችበትን ቀን የጋዜጣ ዜና ታደርጋለች።

የመጀመሪያው ረቂቅ

አብዛኞቹ ልጆች መጀመሪያ የሚጽፉት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ውቢቱ ሰብለ ወንጌል በፍቅር ነበልባል ተቃጥላ፣ ጨካኝ አባቷን ትታ፣ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ እያለቀሰች በረረች።»

ልጅቷን አትቆጧት፤ መጽሐፉ ልቧን ነክቶታል ማለት ነው። ቡናውን እየቀዳችሁ ግን በርጋታ ጠይቋት።

«ስታለቅስ ማን አያት?»

«መጽሐፉ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«አንቺ እኮ አሁን መጽሐፉ አይደለሽም፤ ጋዜጠኛ ነሽ። በማግሥቱ ጠዋት ዲማ ደረስሽ። ማንን ታገኛለሽ? ምን ይነግሩሻል?»

በዚህች ጥያቄ ልጅቷ የልብ ወለድና የዜና ልዩነት ይገባታል። ልብ ወለድ ማለት ስሙ እንደሚነግረን ልብ የወለደው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የልብ ወለድ ደራሲ ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ራሱ ስለሆነ ልቡ ውስጥ ገብቶ የሚያስበውን ሊነግረን ይችላል። ጋዜጠኛ ግን ይህ ሥልጣን የለውም። እርሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ምን ሆነ? ማን አየ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያልተነገረውን አይጽፍም፤ ያላረጋገጠውን «ተብሏል» ብሎ ይለየዋል እንጂ እንደ እውነት አያቀርበውም። ይህን ካላደረገ ዜናው «በሬ ወለደ» ይሆናል።

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስድስት ጥያቄዎችን ወደ ታች ትጻፍ፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ከዚያም ለእያንዳንዱ ከመጽሐፉ ያገኘችውን መልስ ከጎኑ ታስፍር። መልስ ያላገኘችለትን ባዶ ትተወው። ባዶውን በገዛ ሐሳቧ እንዳትሞላው አደራ በሏት፤ የዚህ ትምህርት ግማሹ ባዶውን ባዶ ማለት መቻል ነው።

ቀጥሎ ዜናውን ትጽፋለች። ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መገኘት አለበት፤ ጋዜጣ የሚያነበው ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ወይም ምሳ ሰዓቱ እያለቀበት ሊሆን ይችላልና። ለምሳሌ ያህል፦

«ዲማ፤ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ወይዘሪት ሰብለ ወንጌል ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው ወዴት እንደ ሄዱ አለመታወቁ ተገለጸ። ወይዘሪት ሰብለ ወንጌል ከቤት የወጡት ልብሳቸውን ለውጠው ነው። አባታቸው ለጋብቻ የሚጠይቋቸውን ሰዎች በዘር ምክንያት ሲመልሱ መቆየታቸው በአካባቢው የታወቀ ነው። የቤት አስተማሪያቸው የነበረው በዛብህ ቦጋለ ቀደም ሲል ከዲማ መሸሹ ይታወሳል። ወይዘሪቷ ወደ እርሱ ይሂዱ አይሂዱ ለማረጋገጥ አልተቻለም። የራሳቸውን ቃል ለማግኘትም አልተቻለም።»

ይህ ዜና እንደ መጽሐፉ አያስለቅስም። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ግን ልጃችሁ ደግማ እንድታነበው አድርጉ። ስለ ሰብለ ወንጌል በተጻፈው ዜና ውስጥ የሌለው የሰብለ ወንጌል ቃል ነው።

አንድ ቃል የሚያደርሰው

አሁን ወደ ርእሱ እንሂድ። ልጃችሁ ለዜናዋ ርእስ ስትፈልግ ከሁለት ቃላት አንዱን መምረጧ አይቀርም። «የፊታውራሪ ልጅ ኮበለለች» ትላለች? ወይስ «የፊታውራሪ ልጅ ተጠለፈች»?

ጋዜጠኛዋ ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ ጠይቃ ብትመለስ የምትጽፈው ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። ልጃቸው በገዛ ፈቃዷ ጥላቸው ሄደች ከማለት አንድ ደብተራ አታልሎ ወሰደብኝ ማለት ለኩሩ አባት ይቀልላቸዋል። ይህ ከታተመ በዛብህ ወንጀለኛ ነው፤ ሰብለ ወንጌልም የተወሰደች ዕቃ እንጂ ራሷ የወሰነች ሰው አይደለችም። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ደግሞ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ያውቃል። እንግዲህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የልጅቷ ፈቃድ ነው። ፈቃዷን ለማወቅ ደግሞ እርሷን ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

የአርሲ ሰዎች ይህን ልዩነት ከድሮ ጀምረው በቃል ለይተውታል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ልጅቷ በጉልበት የምትወሰድበት መንገድ «ቡቲ» ይባላል። ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ወደ ወደደችው ልጅ ቤት የምትገባበት ደግሞ «አሴና» ነው። አያቶች ሁለቱን በአንድ ስም አልጠሯቸውም። በኦሮሚያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የአሰላ ልጆች ይህንኑ የቤት ሥራ በሁለቱም ቋንቋ ሊሠሩት ይችላሉ። የቃሉ ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

በአርሲ የሆነው

አሰላን የመረጥንበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የቃሉ ነገር በዚህ አካባቢ የልብ ወለድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረስ የጋለቡ ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ሚስቱ ሊያደርጋት አስቦ ዘግቶባት ደፈራት። ልጅቷ የጦር መሣሪያ አግኝታ ስታመልጥ ተከተላት፤ ተኩሳም ገደለችው። ተይዛ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘ። ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። ከረዥም ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

እስቲ ይህን ነገር ዜና አድርጋችሁ በልባችሁ ጻፉት። አንዱ «አንዲት ተማሪ ባሏን ገደለች» ብሎ ይጀምር። ሌላው «አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን ገደለች» ብሎ ይጀምር። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሞት ነው። የመጀመሪያው ግን «ባሏን» በማለቱ ጋብቻ እንደ ነበረ አድርጎ ፈርዷል፤ ያልፈቀደችውን ነገር ፈቅዳለች ብሎ ጽፎባታል። ልጅቷ ችሎት ፊት ሳትቆም በአንድ ቃል ተፈርዶባታል ማለት ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ራሱ ለብዙ ዘመን የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። «ባሏ» ከተባለ ነፃ ነበር ማለት ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጎታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ልጆቻችሁ ቢያውቋቸው አይጎዳቸውም፤ ወንዶቹም ጭምር።

ልጃችሁ «ታዲያ ልጅቷን ማግኘት ካልተቻለ ማንን ልጠይቅ?» ብትላችሁ መልሱ እዚያው አርሲ ውስጥ አለ። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር «ሲንቄ» የሚባል ቀጭን በትር ይሰጣታል። ሲንቄ የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። አንዲት ሴት ስትበደል የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ተሰብስበው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ሳይክስ በቀላሉ አይመለሱም። እንግዲህ ጋዜጠኛዋ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን ሲንቄ የያዙትን እናቶችም መጠየቅ አለባት። የወንዶቹን ቃል ብቻ ይዞ የተመለሰ ዜና ግማሽ ዜና ነው።

የራሷን ታሪክ ማን ይናገር?

የአርሲዋ ተማሪ ነገር በችሎቱ አላበቃም። ታሪኳን መነሻ ያደረገ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ተሠራ። የአማርኛው ቃል ጀግንነትንም መደፈርንም እንደሚያመለክት ታውቃላችሁ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በተካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው ያቺው ታሪኩ የእርሷ የሆነው ሴት ናት። በኋላ ፊልሙ ለሕዝብ ቢታይም ያ ምሽት የሚያስተምረን ነገር አለ። ለእርሷ የቆመ፣ በመላው ዓለም የተመሰገነ ሥራ እንኳ ቢሆን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርለትም።

ለልጃችሁ ይህን ልዩነት አስረዷት። ሐዲስ ዓለማየሁ የሰብለ ወንጌልን ልብ ገልጠው ሲያሳዩን ማንንም ማስፈቀድ አልነበረባቸውም፤ የፈጠሯት እርሳቸው ናቸውና። በሕይወት ያለችን ሴት ልብ ግን ያለ ፈቃዷ የሚገልጥ ሰው በደሏን ይደግመዋል። የአርሲዋን ሴት ስም በዚህ ገጽ ያልጻፍነውም ስለዚህ ነው። ትምህርቱን ለማግኘት ስሟ አያስፈልገንም።

እንዲህ ስንል ልብ ወለድ ከዜና ያንሳል ማለታችን አይደለም። ዜና ሊሸከመው ያልቻለውን ልብ ወለድ የሚሸከምበት ጊዜ አለ። በጋዜጣ ሥራ ላይ የነበሩት ብርሃኑ ዘሪሁንና በዓሉ ግርማ ልብ ወለድ የጻፉትም ያለ ምክንያት አይደለም። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. የታተመውን «ኦሮማይ»ን ሲጽፍ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛ አደረገው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ዜና ሰው ምን እንዳደረገ ይነግረናል፤ ልብ ወለድ ደግሞ ያን ሲያደርግ ምን እንደ ተሰማው። ሁለቱንም መጻፍ የሞከረች ልጅ ሁለቱንም ማንበብ ታውቃለች።

ለእናቶች ጥቂት ምክር

ይህን የቤት ሥራ ለመርዳት ጋዜጠኛ መሆን ወይም ብዙ መማር አያስፈልግም። የሚከተሉትን ብታደርጉ ይበቃል።

መጀመሪያ ልጅቷ ወይም ልጁ ድርጊቱን በቃል ይንገራችሁ። በሦስት ዐረፍተ ነገር መንገር ካልቻለ ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ወደ መጽሐፉ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ «ይህን ማን አየ? ማን ነገረሽ?» እያላችሁ ጠይቁ። ምስክር ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ይውጣ።

ሦስተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎችን እንድትቆጥር አድርጉ። አገልጋይዋን፣ ገበሬውን፣ እናትየዋን ማን ጠየቃቸው? በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ባላገሮች ታሪክ ብቻውን ጥሩ ዜና ይወጣዋል። ጋዜጠኛዋ ግን የፊታውራሪን ቤትም የባላገሮቹን ቀዬም ረግጣ መጠየቅ አለባት።

አራተኛ፣ «ጨካኝ»፣ «ውብ»፣ «ምስኪን» የሚሉትን ቃላት ከዜናው እንድትሰርዝ ንገሯት። አንባቢው ድርጊቱን አይቶ ራሱ ይፍረድ።

በመጨረሻም ለርእሱ የመረጠችውን ቃል «ይህ ቃል የማን ነው? የልጅቷ ነው ወይስ የሌላ ሰው?» ብላችሁ ጠይቋት። ሥራው ሲያልቅ በቡናው ላይ ጮክ ብላ ታንብበው። ጎረቤት ካለም ይስማ፤ «እኔ ብሆን እንዲህ አልጽፈውም» የሚል ሲመጣ ውይይቱ ያኔ ይጀመራል።

ውድ እናቶች፤ ሁላችንም በየቀኑ ሳናውቀው ዜና እንጽፋለን። በቡና ላይ፣ በሥራ ቦታ፣ በዕድር፣ በታክሲ ውስጥ ስለ ሰው ልጅ እናወራለን። «የእገሊት ልጅ ኮበለለች» እንላለን፤ «ባል አገባች» እንላለን፤ «ከቤት ወጣች» እንላለን። ልጅቷን ግን የጠየቃት የለም። ምናልባት ያቺ ልጅ ተጠልፋ ይሆናል፤ እኛ «አገባች» ስላልን ብቻ ማንም ሳይፈልጋት ቀርቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሳችሁ ደብተር የያዘችው ልጃችሁ «እማዬ፣ እርሷን ማን ጠየቃት?» ብትላችሁ አትቆጧት። የቤት ሥራዋን በደንብ ሠርታለችና።